በሻርፕ ጫፍ የቋጠርኩት ጨው

ልጄ ያመጣችውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ስለሆነ ማንበብ የምችለው ቀስ ብዬ ነው። ማንኛውንም ወረቀት እንደ ምስር እየለቀምኩ ነው የማየው፤ አንዷንም ቃል ዘልዬ አላልፍም። ወረቀቱ የወላጅ ፈቃድ ነበር። ልጄ በወጣቶች የፈረስ ቡድን ውስጥ እንድትገባ፣ ከቡድኑ ጋር ከደብረ ማርቆስ ወጥታም እንድትወዳደር ፈቅጃለሁ ይላል። ከሥሩ አምስት ደንቦች ተጽፈዋል። አራተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ተወዳዳሪዎች የሚጋልቡት ቀድሞ በማያውቁት ፈረስ ይሆናል የሚል ነው።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«እንደተጻፈው ነው እማዬ። ፈረስ የለንማ። የምንሄድበት አገር ሰዎች ፈረሶቻቸውን ያመጣሉ፤ እጣ እናወጣለን፤ የደረሰንን እንጋልባለን።»

«የሰው ፈረስ?»

«የሰው ፈረስ።»

«ጠባዩን ሳታውቂ?»

«ጠባዩን ማወቁ ነው እኮ ውድድሩ።»

አባቷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ዘርግቶ ነበር። ቀና ብሎም አላየን። ያ እግሩ የማይታጠፈው በሰው ፈረስ ምክንያት ነው። ልጃችን ገና ጡት ሳትጥል፣ ለዘመድ ሠርግ አጃቢ ሆኖ ሲሄድ ከጎረቤት ፈረስ ተውሶ ነበር። ፈረሱ ለካ እልልታ አይወድም። ባለቤቱ ያውቃል፤ ለባሌ ግን አልነገረውም። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ባሌም ድንጋይ ካብ ላይ ወደቀ። በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ያኔ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትቶ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ስለዚያ ቀን ሰው ሲጠይቀው የሚመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ፈረሱ አላጠፋም። አልተዋወቅንም ነበር» ይላል።

እኔ ግን ፈረስ ባየሁ ቁጥር ያን ቃሬዛ አያለሁ።

ልጄ ወደ ፈረስ የገባችው ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ሰቅለው ቤት ተቀመጡ። ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበሩ ሁለት ልጆች በዚያው ዓመት ተዳሩ። የአባቷ እህትም አንድ ቀን መጥታ «ይቺስ ምን ትጠብቃለች?» ብላ ሄደች። መልሱን ልጄ ከቤታችን በታች ካለው መስክ ይዛ መጣች።

መስኩ ላይ አንድ የስፖርት መምህር ልጆች ሰብስቦ ፈረስ ያስተምር ጀመር። አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ነው። ጉግስ አይደለም፤ ሽምጥም አይደለም። በኖራ አራት ማዕዘን ያሰምርና ልጆቹ በመስመሩ ውስጥ ፈረሱን በእርምጃ ይወስዱታል፤ ከዚያ በሶምሶማ፤ ከዚያ ክብ ያዞሩታል፤ በመጨረሻ መሐል ላይ ያቆሙትና ሳይነቃነቅ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈረሶቹንም እህል ጭነው ገበያ ከመጡ ገበሬዎች እየለመነ ነው የሚያገኘው። ገበሬዎቹ ካቡ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ የሚሉትን እሰማ ነበር።

«ምን ጠፍቷቸው ነው የሚዞሩት?»

«መውጫው ጠፍቷቸው ነዋ!»

እኔም ስቄያለሁ። ግን መምህሩ ክፍል የማይገባ ልጅ ቡድን ውስጥ አይኖርም ብሎ ስለነበር፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጄ ከሁሉ ቀድማ ገባች። ስንቶቹ ቀርተዋል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህ ቡድን ለልጄ ጨዋታ አይደለም። ከቡድኑ ብትወጣ ከትምህርቱም እንደምትወጣ፣ ከትምህርቱ ብትወጣ የአባቷ እህት ተመልሳ እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ስለዚህ እምቢ ማለት አልቻልኩም። እሺ ማለትም አልቻልኩም። ወረቀቱን ይዤ ቆየሁ።

«ትፈርሚ እንደሁ ፈርሚ፤ ወረቀቱ እጅሽ ላይ ሊያረጅ ነው» አለኝ ባሌ።

ፈረምኩ። አምስተኛውንም ደንብ አንብቤዋለሁ፤ አላየሁትም ብዬ አልዋሽም። ከእጣው በፊት ተወዳዳሪም ሆነ የተወዳዳሪ ቤተሰብ ፈረሶቹን መንካት ክልክል ነው ይላል።

የመጀመሪያው ውድድር ይጁቤ ነበር። መምህሩ ሴቶቹን ልጆች የምትጠብቅ አንዲት እናት አብራን ትሂድ ሲል ቃሉን ሳይጨርስ እኔ አለሁ አልኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ ደስ አላላትም። ያን ሰሞን እንቅልፌ ሁሉ ፈረስ ነበር። በጆሮው የሚፈራ፣ በዓይኑ የሚደነብር፣ ኮርቻ ሲጠብቅበት የሚራገጥ። ፈረስ ስንት ዓይነት አመል አለው! ይህን ሁሉ ልጄ በአምስት ደቂቃ ልታውቅ ነው። ከእጣ በኋላ ለመተዋወቅ የሚሰጣቸው አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

እኔ ጉልት ላይ ጨውና በርበሬ ነው የምሸጠው። አንድ ቀን ጨው ስሰፍር እናቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን እንዳትከለክል የጥጃዋን ቆዳ ገለባ ሞልተን ከፊቷ እናቆም ነበር። እናቴ ከላዩ ጨው ትነሰንሳለች። ላሟ ትልሳለች፤ ታሸታለች፤ የልጇ ሽታ ነው፤ ወተቷን ትለቃለች። እንስሳ የሚያውቀው በጠረንና በጨው ነው ትል ነበር እናቴ። ጨውም አለኝ፤ የልጄም ሽታ አለኝ ብዬ አሰብኩ።

ልጄ ልምምድ ላይ የምታደርጋት ሰማያዊ ሻርፕ አለቻት። «አምጪያት ልጠብልሽ» ብዬ ተቀበልኳት። አላጠብኳትም። ጨው ጫፏ ላይ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባኋት። ደንቡንም በልቤ ተከራከርኩት። መንካት ይላል እንጂ ማብላት አይልም አልኩ። እጄ ካልነካቸው ምን አጠፋሁ? ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ጎበዝ ይሆናል!

ይጁቤ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። መምህሩ አራቱን ልጆች፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት፣ ሜዳውን ሊያሳያቸው ወሰዳቸው። ፈረሶቹ ከሜዳው ማዶ በካስማ ታስረው ሣር ይነጫሉ። ሰባት ናቸው። ባለቤቶቹ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጫወታሉ። እኔ ውኃ የምፈልግ መስዬ ሄድኩ።

ከቀዩ ዳማ ጀመርኩ። ጨው የነሰነስኩባትን ሻርፕ ዘረጋሁለት፤ አሸተተ፤ ላሰ። ከዚያ ነጩ አምባላይ። ከዚያ ሌላው። ስድስተኛው ላይ ልቤ ተረጋግቶ ነበር። ሰባተኛው ቡላ ፈረስ ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ። ስቀርበው ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ በዓይኑ ነጭ አየኝ። ይሄ ነው አልኩ። ልጄን የሚጥል ካለ ይሄ ነው። ለሱ ሦስት ጊዜ ነሰነስኩለት። ሦስተኛው ላይ ጆሮዎቹ ቆሙ።

«እታለም፣ ፈረሴን ምን እያጎረስሽው ነው?»

ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ጨው ነው አባባ። ትንሽ ጨው።»

«ጨው መሆኑንማ አየሁ። የኔ ፈረስ ካንቺ ምን ዝምድና አለው ብዬ ነው?»

«ልጄ ነገ ትጋልባለች። የቱ እንደሚደርሳት ስለማላውቅ...»

«ሰባቱንም ዘመድ አደረግሻቸው!» ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው ከፊት ጥቂት ነው። «እንዲያ ከሆነ ለዚህ አታብዢለት። ሆዳም ነው። ጨው ያቀመሰውን ሰው ከገበያ መሐል ለይቶ ያወጣል። ባለፈው የቄሱን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ብሎ አዋርዶኛል።»

«ይናከሳል?»

«ባዶ እጁን የዘረጋለትን ይናከሳል።»

«እልልታስ ይፈራል?»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ይኼን የጠየቀኝ ሰው የለም። አይፈራም። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው።»

ትንሽ አዩኝና ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «በይ ሂጂ፤ እኔ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል» አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ብርድ ነበር። እጣው በገበሬ ባርኔጣ ውስጥ ሆኖ መጣ። ልጄ እጇን አስገብታ ወረቀቱን ስትዘረጋ ከገመዱ ማዶ ሆኜ ከንፈሯን አነበብኩ። ቡላው።

አምስቱን ደቂቃ አልረሳውም። ሌሎቹ ልጆች ወዲያው ልጓሙን ይዘው ግንባር ይዳብሱ ጀመር። የእሷ አያያዝ ሌላ ነው። ከፈረሱ ትከሻ አጠገብ ሄደች፤ ፊቷን ትንሽ አዞረች፤ እጇን ወደ ታች አድርጋ ቆመች። ምንም አታደርግም። ለካ የምትጠብቀው እሱ እስኪመጣ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ በመስኩ ሳያት ሥራ የፈታች ነበር የምትመስለኝ። ቡላው አንገቱን አዙሮ አሸተታት። ከዚያ አፍንጫውን አንገቷ ሥር አስገብቶ ገፋት። እንደገና ገፋት። ልጄ ፈገግ አለች። እንዲያ ያለ ፈገግታ ከሕፃንነቷ ወዲህ አይቼባት አላውቅም። አጠገቧ የነበረው፣ አምባላዩ የደረሰው ልጅ ፈረሱ እየተሽከረከረበት «አንቺ ምን አድርገሽው ነው?» አላት። «እኔንጃ!» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበር።

ሠራልኝ አልኩ። እናቴን በሆዴ አመሰገንኳት።

ብርዱ አላስችል ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረችውን ሻርፕ አውጥቼ አንገቴ ላይ ጠመጠምኳት። የተረፈው ጨው ጫፏ ላይ እንደተቋጠረ ነው። ይህን አላሰብኩትም። ስለ ሁሉ ነገር ሳስብ ከርሜ ይህን አላሰብኩትም።

ልጄ ወጣች። እርምጃው እንደ ቄስ ነበር፤ የተመጠነ። ሶምሶማው ላይ ሰዉ ዝም አለ። የይጁቤ ገበሬዎች ፈረስ ያውቃሉ፤ ካቡ ላይ የሚሳለቅ አልነበረም። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ «ይች ልጅ ዛቡን በጣት ነው የያዘችው» አለ፤ ለማንም አይደለም፤ ለራሱ። ክቡን ዞረች። ከዚያ በእኔ በኩል ባለው መስመር በሶምሶማ መጣች።

ቡላው አንገቱን ቀና አደረገ። አፍንጫው ሲከፈት አየሁት። ልጄ ዛቡን ሳብ አደረገች፤ ሰማት፤ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ኖራውን ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ገመዱ ጋ ቆመ፤ አፍንጫውን ደረቴ ላይ አሳረፈ፤ የሻርፕዋን ጫፍ በከንፈሩ ይዞ ይጎትት ጀመር።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«ዘመዱን አገኘ!»

«አማቱ ናት መሰለኝ!»

«ሴትዮ ልቀቂው እንጂ፣ ይጋልብ!»

ከዳኞቹ አንዱ ወረቀቱን እንደያዘ መጣ። «እናት፣ ይህን ፈረስ ያውቁታል?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩ።

ይህን ስል ልጄ ከላይ ከኮርቻው ላይ ነበረች። እኔን አላየችም፤ ያየችው ሻርፕዋን ነው። ታጥባ ቤት ገመድ ላይ የተሰጣች የመሰለቻት ሻርፕ እኔ አንገት ላይ ሆና ፈረሱ አፍ ውስጥ ናት። በተረከዟ ቀስ አድርጋ ነካችው፤ ዛቡን ወደ ውስጥ ሳበች፤ ወደ መስመሩ መለሰችው። ካቆመችበት ቀጥላ እስከ መጨረሻው ሄደች። መሐል ላይ አቁማው ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። ቡላው አልተነቃነቀም። ሰዉ አጨበጨበ። ሴቶች እልል አሉ፤ አሁንም አልተነቃነቀም።

ወርዳ ዛቡን ለሽማግሌው ሰጠችና ወደ እኔ መጣች። ሻርፕዋን ከአንገቴ ላይ ፈታች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ውስጡን አየች፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰች።

«መቼ?» አለችኝ።

«ትናንት።»

«ለሱ ብቻ?»

«ለሁሉም። የቱ እንደሚደርስሽ አላወቅኩም...»

«እኔ እኮ የወደደኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ድምጿ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «እማዬ፣ ያለኝ አምስት ደቂቃ ነው። ያ አምስት ደቂቃ የኔ ነበር። ወሰድሽብኝ።»

«እንዳትወድቂ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ሻርፕዋን ከነጨዋ ይዛ ወደ ዳኞቹ ጠረጴዛ ሄደች።

እኔ ገመዱን ይዤ ቀረሁ። ሻርፕዋን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ፣ ወደ እኔ ስትጠቁም ከሩቅ አየሁ። መምህሩ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ሽማግሌው ጭራቸውን እያወዛወዙ ሄደው «ጨው ነው የሰጠችው እንጂ መርዝ አይደለም! እኔ ቆሜ አይቻለሁ!» ሲሉ ተሰማኝ። ሊረዱኝ ብለው ነው፤ ግን እሳቸው ባዩት ነገር ጉዳዩ አለቀ። ደንቡ የተወዳዳሪ ቤተሰብ ይላል። ሰባቱም ፈረሶች ተነክተዋል። የልጄ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የቡድኑ የአራቱም ነጥብ ተሰረዘ።

በሚኒባሱ ወደ ማርቆስ ተመለስን። ያመጣሁት ዳቦ ጭኔ ላይ ነበር፤ እንኩ ማለት አልደፈርኩም። በመጨረሻ ሌላዋ ልጅ፣ ዳማው የደረሳት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ ለዳማውም ሰጥተውት ነበር?»

«ሰጥቼዋለሁ ልጄ።»

«እኔን ግን ሊጥለኝ ነበር እኮ!»

ወንዶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ሹፌሩም ሳቀ። ልጄ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች ነበር።

ቤት ገብቼ ለባሌ ሁሉንም ነገርኩት። ዳኛው ሲጠይቀኝ የዋሸሁትንም። «ለኔ ጊዜ ምነው ጨው አላክሽልኝ?» አለ መጀመሪያ፤ ሊያስቀኝ ፈልጎ። እንዳልሳቅኩ ሲያይ ደህናውን እግሩን ወደ ራሱ ሳበ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ዓመት ‹አልተዋወቅንም ነበር› ስልሽ ምን ማለቴ ይመስልሻል? እኔ እኮ ዘልዬ ነው የወጣሁበት። ሠርጉ እንዳያልፈኝ ቸኩዬ። እሷ የምትማረው እኔ ያላወቅኩትን ነው። አንቺ ፈርተሽ እሱኑ ከለከልሻት።»

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቱ የፈረሱ ነበር የሚመስለኝ። ባሌ አላጠፋም የሚለው ለደግነቱ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ያን ሳምንት ወደ መስኩ አልወረደችም። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የጠየቅኳትን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ጭራሽ ከአልጋዋ አልተነሳችም። «ዛሬ ክፍል የለም?» ስላት «አለ» አለች። የፈራሁት ከፈረስ መውደቅን ነበር፤ ሌላ ውድቀት ቤቴ ገብቶ ተኝቷል።

መምህሩ እኔ ጉልት ላይ እያለሁ መጣ። በርበሬ የሚገዛ መስሎኝ ነበር።

«ልጅዎ ቡድኑን ለቅቄያለሁ ብላ ላከችብኝ» አለኝ። «እኔ አላስወጣኋትም። ልጆቹንም ማየት ያፈረች ይመስለኛል።»

«በኔ ነው ያፈረችው።»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለ፤ በትሕትና ነው ያለው፤ ግን አላስተባበለልኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ ወደ መስኩ ወረድኩ። ሦስቱ ልጆች ኮርቻ ያራግፋሉ። ምን እንደምል መንገድ ላይ ሳዘጋጅ መጥቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ፈረሱን አላውቀውም ያልኩት ውሸት ነው» አልኳቸው። «ደንቡንም አንብቤዋለሁ። ልጄ ምንም አታውቅም ነበር። እናንተ የለፋችሁበትን እኔ አበላሸሁት። ይቅር በሉኝ።» እኔን ለሚያክል ሰው ልጆች ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ ቆመው ካላዩት አይታወቅም።

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አምባላዩ ደርሶት የነበረው ልጅ በጣም ጥሩ ጋልቦ ነበር፤ ከሁሉ የተጎዳው እሱ ነው። ኮርቻውን አስቀመጠ። «እትዬ» አለኝ፣ «እኛ የተናደድነው በእርስዎ ነው። እሷ ለምን ጠፋች?»

«ይህንኑ ንገሯት» አልኩት።

ነገሯት። ምን እንዳሏት አልጠየቅኩም። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ ወጣች፤ ከትምህርት ቤትም ቀጥታ ወደ መስኩ ወረደች። ሻርፕዋ አንገቷ ላይ ነበረች፤ ራሷ አጥባታለች።

ለሚቀጥለው ውድድር አዲስ ወረቀት አመጣች። ደንቦቹ ስድስት ሆነዋል። ስድስተኛው በእስክሪብቶ የተጨመረ ነው፤ ወላጅ ወደ ውድድሩ ቦታ አይሄድም ይላል። ቃል በቃል አነበብኩት። በዚህኛው ውስጥ የምገባበት ቀዳዳ አልፈለግኩም። ልጄ እስክሪብቶውን ይዛ ቆማ ነበር።

«ብፈርም ትሄጃለሽ» አልኳት።

«አዎ።»

«የቱ እንደሚደርስሽ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም።»

ፈረምኩ።

ውድድሩ ጉንደ ወይን ነበር። ጠዋት ስትወጣ ስንቋን ሰጠኋት፤ ተጠንቀቂ ልል ከንፈሬ ሲከፈት አይታኝ ሳቅ አለች፤ ዘጋሁት። ያን ቀን ስልክ አይሠራም። ጉልቴ ላይ ተቀምጬ ጨው ስሰፍር ዋልኩ። አንዲት ደንበኛዬ «ዛሬስ ሰፈርሽልኝ ወይስ ደፋሽብኝ?» አለችኝ፤ ጎንበስ ብዬ ስመለከት ስፍሩ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስሳል። እኩለ ቀን ላይ ባሌ እግሩን እየጎተተ መጣ። ከዚያ በፊት ጉልቴ ድረስ መጥቶ አያውቅም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የበርበሬውን ዛላ እያነሳ ያያል፣ መልሶ ያስቀምጣል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባን። ሚኒባሱ ከላይ ከመንገዱ ሲቆም ሰማሁት፤ አልወጣሁም። በሩን ከፍታ ገባች። ሻርፕዋ ላይ ነጭ የፈረስ ፀጉር ተጣብቋል። ሱሪዋ ከዳሌዋ እስከ ጉልበቷ፣ ሹራቧም በዚያው በኩል እስከ ትከሻዋ ጭቃ ነው። የደረቀ ጭቃ። እጄ ተነሳ፤ ባሌ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ።

ልጄ ጫማዋን አወለቀች። ውኃ ጠጣች። አባቷ አጠገብ ተቀመጠችና «አምባላይ ደረሰኝ» አለች። «እማዬ ብታዪው! መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። እኔም ጀርባዬን ሰጠሁት።»

«ከዚያስ?» አለ አባቷ።

«ከዚያ ምን ሆነ...»

ትተርክ ጀመር። ሁለተኛውን ደቂቃ፣ ሦስተኛውን ደቂቃ፣ ፈረሱ ጆሮውን እንዴት እንዳዞረ፣ ትንፋሹ እንዴት እጇ ላይ እንደሞቃት። እኔ ዓይኔን ከትከሻዋ ላይ መንቀል አቃተኝ። እጆቼን ጭኔ ላይ አቆላልፌ፣ ታሪኩ ጭቃው ጋ እስኪደርስ ዝም ብዬ ጠበቅኩ።